ማመልከቻ ቁጥር አንድ፦ በሩ ወደ መንገድ ይዙር

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ አብርሃ ጅራ በምትባል የቆላ ከተማ አጠገብ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ ነው። መጽሐፍ ስላልነበረኝ በጆንያና በመድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈውን እየደጋገምኩ አነብ ነበር። ከዚያ የተነሣ ዛሬም የተጻፈ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ይመስለኛል። የአረም መድኃኒቱ ካርቶን «ከሕፃናት ያርቁ» ይል ስለነበር፣ መድኃኒቱን ከልጄ በማራቅ አልተወሰንኩም፤ ልጄንም ከሰፈሩ ሁሉ አርቄ አሳደግኋት። በራሱ የተማረ ሰው ጣጣው ይህ ነው። «ተሳስተሃል» ብሎ ጆሮውን የሚቆነጥጠው መምህር ስላልነበረው፣ ያወቀውንም የተሳሳተውንም በእኩል ክብር ተሸክሞ ያረጃል።

ይህን ያነሣሁት ቤት ስለሠራሁበት ዓመት ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ቤቱ ዛሬም ሸሕዲ መግቢያ ላይ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆሟል። በመኪና የሚያልፍ ሰው አይቶ «ጥሩ ቤት ነው» ይላል። እኔም ከሩቅ ሳየው እንደዚያ ይመስለኛል።

የድሮው ቤታችን የሣር ጎጆ ነበር። ባለቤቴ እናኑ ልቧ ደክሞ፣ እግሯ አብጦ፣ ከጥቂት እርምጃ በላይ መራመድ ከተሳናት በኋላ ውላ የምትገባው በመንገዱ ዳር ባለችው ራኩባ ሥር ነበር። ራኩባ ማለት በአራት እንጨት ላይ አገዳ የተጣለባት ጥላ ናት፤ እኛ ቆለኞች ያለ እርሷ መጋቢትን አንሻገርም። እናኑ እዚያ ተቀምጣ መንገዱን ታስተዳድር ነበር ብል አላጋነንኩም። የትኛው ሹፌር ሚስት እንዳገባ፣ የትኛው መኪና በስንት ቀኑ ከድንበር እንደተመለሰ፣ ለአረም የመጡት የጎጃም ልጆች የትኛው እርሻ እንደገቡ ከእርሷ ይጠየቅ ነበር። ከሁሉ በላይ የምትጠብቀው ግን እኩለ ቀን ግድም የሚያልፈውን የጎንደር አውቶቡስ ነው። አንዲት ልጃችን የሺ ጎንደር ታስተምራለች። በወር አንድ ጊዜ ብትመጣ ነው። እናኑ ግን በየቀኑ ትጠብቃለች፤ አውቶቡሱ ሳይቆም ሲያልፍ ለሹፌሩ እጇን ታነሣለች፣ እርሱም ጥሩምባውን አጠር አድርጎ ይነፋላታል።

ጎጆው ማፍሰስ ስለጀመረ ክረምቱ ሳይገባ ለእናኑ ደረቅ ቤት መሥራት ነበረብኝ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ይህን ደግሜ የምናገረው በኋላ ራሴም ስለረሳሁት ነው።

ሥራውን ልጀምር ስል የገበሬ ማኅበራችን መጋዘን ሊያሠራ አስቦ ኖሮ፣ ኮሚቴ ተብለን ለሦስት ቀን ሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ ከደጋ የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ አስተማረን። ሥራ የሚበላሸው በመሀል በሚመጣ ለውጥ ነው አለን። አንዱ መስኮት ጨምሩ ይላል፣ ሌላው በር አዙሩ ይላል፤ በዚህ መሀል ክረምት ይገባል። ስለዚህ ለውጥ የፈለገ ሰው በጽሑፍ ይጠይቅ። ምክንያቱ ይጻፍ፣ ምን እንደሚያዘገይ ይጻፍ፣ ወሳኙ ይወስንበትና ይፈርምበት። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤተሰቤን በቁጣ ሳስተዳድር፣ ለካ በቅጽ ማስተዳደር ይቻል ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ አሠልጣኙ አንድ ሌላ ነገር ተናግሯል። ወሳኙ የራሱን ጥያቄ ራሱ አያጽድቅ፤ ደግሞም ሥራው ለማን እንደሚሠራ አትርሱ፣ የዚያ ሰው ጥያቄ ይቅደም ብሏል። ከምሳ በኋላ ስለነበር እኔ አንቀላፍቼ ነበር። ይህን ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከታደለን ወረቀት ላይ ነው።

ከሥልጠናው በተሰጠኝ ደብተር ላይ በማስመሪያ ዓምድ አሰመርኩ። ቁጥር፣ አመልካች፣ የለውጡ ዓይነት፣ ምክንያት፣ ውሳኔ። ግንበኛዬን ሰይድንና እናኑን በራኩባዋ ሥር ሰብስቤ ሕጉን አነበብኩላቸው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ግንቡንም አናጢነቱንም ይችላል። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ እኔ ግንብ ነው የምሠራው፣ ማመልከቻ አልሠራም» አለኝ። እናኑ ሣቀች። ሣቋን በሥርዓት እንዲሆን ነገርኳት።

የቤቱ ፕላን የእኔ ነበር። ጀርባው ለመንገዱ፣ በሩ ወደ ውስጠኛው ግቢ። ወደ መንገድ የሚከፈት ቤት አቧራ ይጠጣል፣ ሰካራም ያስገባል፣ ወሬ ይለምዳል የሚል እምነት ነበረኝ። የሺን ያሳደግሁት በዚህ እምነት ነው፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሥራዋን ጎንደር ያደረገችው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ የመጣው ሰይድ ገና ጉድጓድ ሳይቆፍር ነው። እናኑ ጠርታኝ፣ በሩ ወደ መንገዱ ቢሆንልኝ አለችኝ። በጽሑፍ አቅርቢ አልኳት። «እንግዲያው ይጻፉልኛ» አለች። እናኑ ፊደል አታውቅም። እኔው ጻፍኩላት። ቁጥር አንድ። አመልካች፣ እናኑ። የለውጡ ዓይነት፣ በሩ ወደ መንገድ ይዙር። ምክንያቱን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ «የሺ ከመኪና ስትወርድ በሩ ላይ ሆኜ እንዳያት» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት። ደብተሩን ዘጋሁና ተነሥቼ ጎጆው ውስጥ ገባሁ። ለውሳኔ ብቻዬን መሆን ነበረብኛ። እዚያ ጥያቄውን እንደ አዲስ አንብቤ፣ በውሳኔው ዓምድ «ምክንያቱ ከግንባታው ጋር አይገናኝም፤ ለጊዜው ይቆይ» ብዬ ፈረምኩ። ወጥቼም አነበብኩላት። ጸሐፊው እኔ፣ መርማሪው እኔ፣ ውሳኔውን አንባቢም እኔ። እናኑ «የጻፉበት እጅ ይባረክ» አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ማመልከቻ የራሴ ነበር። የማሳዬን ሰሊጥ የማሳድርበት መጋዘን ከቤቱ ግራ ጎን ተለጥፎ ይሠራ የሚል ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፣ አጻጻፉም ያማረ ነበር። በዚያው ቀን ጸደቀ። ጆንያ የሚጭኑ መኪናዎች እንዲመቻቸው የመጋዘኑ በር ወደ መንገድ ሆነ። እናኑ ሰይድ የበሩን ልክ ሲወስድ ከራኩባዋ ሆና ስታይ ቆየችና፣ «ሰሊጡስ ማንን ሊጠብቅ ነው መንገድ የሚያየው?» አለች። ሰይድ መለኪያውን ጥሎ ሣቀ። እኔ በሥራ ሰዓት ሣቅ እንዲቀነስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ ግን ለየትኛው ዓምድ እንደሚሆን ስላላወቅኩ ተውኩት።

ሦስተኛው የየሺ ነው። ለእናቷ የሚሆን መጸዳጃ ከቤቱ ተጠግቶ፣ ከመቀመጫ ጋር ይሠራ ብላ በስልክ ነገረችኝ። በቃል የቀረበ አይታይም አልኳት። ጽፋ ፎቶውን ላከችልኝ። የፎቶ ፊርማ አይጸናም አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት የአውቶቡሱ ሹፌር መኪናውን አቁሞ በፖስታ የታሸገ ወረቀት ለእናኑ ሰጣት። ከፊርማው በታች ልጄ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመትታበታለች። ማኅተሙን ሳይ ልቤ ቀለጠና ወዲያው አጸደቅኩ። ደፍራ «የእማዬንስ በር ምን አደረጉት?» ስትለኝ ግን፣ በሦስተኛ ወገን የቀረበ ጥያቄ አይታይም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አራተኛው የኔ፤ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ሮቶ ከቤቱ ቀኝ ጎን በድንጋይ ግንብ ላይ ይቁም። ጸደቀ። አምስተኛው የኔ፤ የሮቶው ግንብ ይስፋ። ጸደቀ። ስድስተኛው የኔ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ሁለት ክንድ ወደፊት ይገፋ። ጸደቀ። በእያንዳንዱ ለውጥ ሰይድ ሥራ ያቆማል፤ ምን እንደሚያዘገይ እስክጽፍ ድረስ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይጠብቀኛል። የምጽፈው ደግሞ ሁልጊዜ «ምንም አያዘገይም» የሚል ነበር። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

አሁን ቦታውን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱልኝ። ቤቱ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቷል። በሩ ከኋላ ወዳለው ግቢ ነው። ከግቢው ወዲያ ክረምት የሚሞላ የጎርፍ ቦይ አለ። በግራ መጋዘኑ መተላለፊያውን እስከ ጎረቤት ግድግዳ ድረስ ደፍኖታል። በቀኝ በኩል፣ ከጎረቤት ግድግዳ በተጣበቀው የሮቶ ግንብና በቤቱ መካከል፣ አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚያልፍበት ክፍተት ቀርቷል። ከበራችን ወደ መንገድ መውጫው ይህ ብቻ ነው። ሰይድ ክፍተቱ መሀል ቆሞ ሁለቱንም ግድግዳ በሁለት ክንዱ ነካና፣ «ጋሼ፣ አልጋ በዚህ አያልፍም» አለኝ። በጽሑፍ አቅርብ አልኩት። አላቀረበም። አልጋውን ጣራው ሳይመታ በግድግዳው ላይ አሻግረን ወደ ውስጥ አወረድነው። እኔ በዚህ ብልሃቴ ለሳምንት ያህል ኮራሁ።

በሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ እናኑ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አንድ ቀን ራኩባዋ ሥር ውኃ ስሰጣት፣ «ያቺ ጥያቄዬ ከምን ደረሰች?» አለችኝ።

«በሂደት ላይ ናት» አልኳት። ይህን ቃል ከሥልጠናው ነው ያመጣሁት።

ጣሳውን መለሰችልኝ። «እኔም በሂደት ላይ ነኝ» አለች።

ሰማኋት። አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ። ግን አንድ ጊዜ የፈረምኩበትን ውሳኔ ብሽር፣ ከዚያ በኋላ ማን ደብተሩን ያከብራል ብዬ አሰብኩ። ልብ በሉ፣ ደብተሩን የሚያከብር ሰው ከእኔ ሌላ በቤቱ አልነበረም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ጥቁሩን የዋልካ አፈር አራት አምስት ጊዜ ከመታው በኋላ ቤቱ አለቀ። እናኑን እኔና ሰይድ በየተራ አዝለን በዚያች ክፍተት በጎን በጎን እያልን አስገባናት። በእኔ ተራ ክርኗን ግንቡ ቢፍቃት በነጠላዋ ሸፈነችው። አልጋዋ የተዘረጋው በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ነው። ቤቱ ደረቅ ነበር። ጣራው አያፈስም። እኔ ወለሉ መሀል ቆሜ ስለ ሥራ መምራት ለሁለቱ ጥቂት ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ እናኑ መንገዱን በጆሮዋ ማስተዳደር ጀመረች። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ይሄ ባዶ ኢሱዙ ነው፣ ይሄ ጭነቱ ከብዶታል፣ ይሄ ትራክተር ጎማው ላልቷል ትላለች። እኩለ ቀን ላይ ዝም ትላለች። አውቶቡሱ ሳይቆም ሲያልፍ እጇን አንሥታ ግድግዳውን በመዳፏ መታ ታደርገዋለች። ጥሩምባ አልነበረም፤ ሹፌሩ በምን ያያታል። አንድ ቀን «መስኮትም ቢሆን» ብላ ጀመረች። መስኮት ከበር የተለየ ስለሆነ እንደ አዲስ ማመልከቻ መቅረብ አለበት አልኳት። «ተውት እንግዲህ፣ ቀለም ያልቅብዎታል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያው ሳምንት በልቤ ተስማምቼ ነበር። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ በሩን ወደ መንገድ አዞርላታለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ለእርሷ ግን አልነገርኳትም። ደግማ እንድትጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። አባት የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልትሰጥ የወሰንከውን ነገር አንድ ጊዜ ተለምነህ ብትሰጠው ይጥምሃል። ይህን ጣዕም የለመደ አባት ካለ ከእኔ ይማር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ንጋት ትንፋሿ እጅግ አጠረ። ለየሺ ደወልኩላትና በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሪ አልኳት። እናኑ ሰምታኝ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዞረች። ረፋዱ ላይ፣ ገና አንድም አውቶቡስ ሳያልፍ፣ እዚያው እንዳለች ዐረፈች።

የዕድሩ ሰዎች መጡ፤ ቄሶቹም መጡ። ገንዘው ቃሬዛው ላይ አደረጓት፤ አራት ሰዎች በትከሻቸው አነሷትና ከበሩ ወደ ግቢው ወጡ። በግራ መጋዘኑ ገጠማቸው። ዞረው ወደ ክፍተቷ ሄዱ። የፊተኞቹ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሊገቡ ሞከሩ፣ አልሆነም። አንዱ ቃሬዛውን በጎን እናዙረው አለ። የዕድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «ምን ማለትህ ነው፣ ጆንያ ነች?» ብለው ተቆጡት። ሮቶው ይነሣ ተባለ፤ ሮቶው ቢነሣ ግንቡ አለ፣ ግንቡ ደግሞ ሰይድ አጥብቆ የሠራው ነው። ከኋላ በቦዩ እንዳትወጣ ጎርፉ ሞልቷል። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። እናኑን መልሰው ወደ ቤት አስገቧት። የሄደ ሰው ተመልሶ ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መመለሷ ግን ለእኔ ሲባል አልነበረም። ሁሉም ሰው ሮቶውንና መጋዘኑን ያይ ነበር። እኔን ላለማየት ነው።

ሰይድ ለለቅሶ መጥቶ ከሰው መሀል ቆሞ ነበር። ከጎረቤት ዶማ ተቀብሎ ወደ እኔ ቀረበ። «ጋሼ፣ ወደ መንገድ ልክፈተው?» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ምን እንደሚያዘገይም አልጠየቅኩም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ግድግዳውን አፍርሶ መንገድ ማውጣት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይፈጃል ብዬ ነበር። ሰይድ ግን ዞሮ በመንገዱ በኩል ሄደ፤ እዚህም እዚያም አልሞከረም፣ ቀጥ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ምርጊቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ልክ እናኑ ታደርገው እንደነበረው። ከዚያ በዶማው ሦስት ጊዜ መታው። ጭቃው ተገፎ ወደቀ። ከሥሩ እንደ ሌላው ግድግዳ ማገር አልነበረም፤ የማሽላ አገዳ ነበር ተጠቅጥቆ የቆመው። አገዳውን በክንዱ እቅፍ አድርጎ አወጣው። ግራና ቀኝ ቀጥ ያለ መቃን፣ ከላይ የተስተካከለ ጉበን ታየ። በር ነበር። የቀረው ሳንቃው ብቻ ነው።

ተጠጋሁት። «በደብተሩ ላይ የለም» አልኩት። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው ቃል ይህ ነው፤ ስለማፍርበት ጻፍኩት።

ሰይድ የልብሱን ጭቃ እያራገፈ፣ «እትዬ እናኑ ናቸው ያዘዙኝ» አለ። «ጋሼህ አንድ ቀን እሺ ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ቀን ግድግዳ ሲያፈርሱ እንዳይደክሙ አሰናድተህ ተው አሉኝ። በጽሑፍ ይሁን ወይ ብላቸው፣ አይ፣ ያንን ለጋሼህ ተውላቸው አሉ።»

ቃሬዛውን አራቱ ሰዎች እንደገና በትከሻቸው አነሡ። በአዲሱ በር ሲወጡ ስፋቱ በልካቸው ነበር፤ ማንም ትከሻውን አላጠበበም። የፊተኞቹ ሁለቱ ከደፉ እንደወጡ የጎንደሩ አውቶቡስ መጣ። ሹፌሩ ሰዉን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። ጥሩምባ አልነፋም። የሺ በነጠላዋ ተሸፍና ወረደች። መንገዱ መሀል ቆማ ቀና ስትል፣ እናቷ በሩ ላይ ነበረች።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለመምከር ጉልበት የለኝም፤ ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ። ደብተሩ አሁንም አለ። «ለጊዜው ይቆይ» የሚለውን አልሰረዝኩትም። ስሕተት የተጻፈበት ወረቀት ሲቀደድ ሰውየው ብቻ ነው ንጹሕ የሚሆነው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ የሺ ወደ ጎንደር ልትመለስ ተነሣች። ሳንቃ የሌለውን በር ዝናብ እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፍኜው ነበር። አውቶቡስ ስትጠብቅ ዞር ብላ አየችውና፣ «አባባ፣ ሳንቃ ያስገጥሙለት እንጂ መልሰው እንዳይደፍኑት» አለችኝ።

አፌ በልማዱ «ጻፊው» ሊል ተከፈተ። እርሷም ልማዴን ታውቃለችና ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ትፈልግ ጀመር።

«ተይው» አልኳት። «እሺ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ቃል ከእኔ የሰማችው መጀመሪያዋ ይመስለኛል። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈረች። እኔ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩና እጄን አነሣሁ። ሹፌሩ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ አጠር አድርጎ ነፋልኝ።